የሙዚቃ ክፍሉ በር

የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ውሃ ልክ» ነው፤ በዩኒቨርሲቲው አናጺነት ጸጉሩ የሸበተ፣ እርሳሱን ከጆሮው፣ ውሃ ልኩን ከብብቱ የማይለይ ሰው። ሻይ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። በውስጧ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ካልቆመች ወረቀት አጥፎ ከጠረጴዛው እግር ሥር ሳይሸጉጥ ሻይ አያዝም። በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ የተቀመጡበት መድረክ አዘንብሏል ብሎ ሙሽሪትን ከወንበሯ አስነስቷል ይባላል። እሱ ይክዳል። ባለቤቱ ግን እዚያው ነበረች።

የግቢው በሮች ወይ እሱ የሠራቸው ናቸው፣ ወይ እሱ የጠገናቸው። የትኛው ዝናብ ሲመጣ እንደሚያብጥ፣ የትኛው ካልገፉት እንደማይዘጋ ያውቃል፤ «ልጆቼ» ይላቸዋል። አባት ልጆቹን አያበላልጥም የሚባለው ወሬ ነው። ውሃ ልክ ያበላልጥ ነበር፤ ከሁሉ የሚያስበልጠውም የሙዚቃ ክፍሉን በር ነበር።

ያ በር ሲሠራ እሱ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት አጎቱ፣ «ጋሽዬ» የሚላቸው፣ የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ዋና አናጺ ነበሩ። ሙዚቃ ክፍል ሊከፈት ነው ሲባል ጎረቤት የሆኑት የሒሳብ መምህራን ፒያኖው እንደሚበጠብጣቸው ገልጸው አቤት አሉ፤ ፒያኖው ገና አልመጣም ነበር። ጋሽዬም ነገርን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚሉ ሰው ስለነበሩ፣ «ዝም የሚል በር እሠራላችኋለሁ» ብለው ገላገሏቸው።

ሁለት የጥድ ሳንቃ ደርበው በመሃሉ ሱፍ አደረጉበት። ሱፉ አልበቃ ሲል ጋሽዬ ቤታቸው ሄደው ቀይ መስመር ያለበትን የራሳቸውን ብርድ ልብስ አምጥተው በመቀስ ቆረጡት። ውሃ ልክ ልጅ እያለ የሚተኛው በዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። ሙጫው እስኪይዝ ድረስም አጎትና የወንድም ልጅ ተራ በተራ በሩ ላይ እየተቀመጡ ሻይ ጠጡበት። የማጣበቂያ ክብደት መሆናቸው ነው። ጋሽዬ ያን ቀን ስለ ወጣትነታቸው ያወሩትን ወሬ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አውርተው አያውቁም። በሩ ተሰቅሎ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም። ውስጥ ፒያኖ ቢደበደብ ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው የራሱን ትንፋሽ ነው የሚሰማው። ጋሽዬ ከሞቱ በኋላ ውሃ ልክ ሲከፋው እዚያ በር ሄዶ በመዳፉ ይዳብሰዋል። የሚያየው ሰው ካለ ማጠፊያውን እያየሁ ነው ይላል።

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ግቢው የልጅ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከየአቅጣጫው ልጆች ተቀብሎ ሳይንስም፣ ሥዕልም፣ ሙዚቃም ያስተምራቸዋል። ውሃ ልክ የሚናፍቀው የድሮውን አመጣጥ ነው። ያኔ ልጆቹ በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ይመጡና ፍራሻቸውን ተሸክመው ስፖርት አዳራሹ ውስጥ ይዘረግፉታል። ማን ከማን ጋር እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ያገኘ ሰው ያገኘውን ልጅ እጁን ይዞ ቤተ ሙከራ ያሳየዋል፣ ጣሪያ ላይ ያወጣዋል፣ ከረሜላ ይገዛለታል። ልጅ ጠፋ ሲባል ይፈለጋል፤ ሲገኝ ኩርኩም ይቀምሳል፤ አለቀ። ውሃ ልክ «ደጉ ዘመን» ይለዋል። ደግ ነበር እንበልለት። ደግ ያደረገው ጥንቃቄ ይሁን ዕድል ግን ያኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመን ነው ከሙዚቃ አስተማሪው ጋር ወዳጅ የሆነው። አስተማሪው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከልጅ ጋር ሲሆን ብቻ የሚስቅ ሰው ነው። እንግዶቹን ልጆች አንድ በአንድ እያስገባ ፒያኖ ያስተምራል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ከአናጺው መሥሪያ፣ ከእንጨት ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አስተማሪው ሲያወራ ሁሌ የሚመለስበት አንድ ቁስል ነበረው። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ መጥታ ነበር፤ ጣቶቿ ፒያኖ ላይ የተወለዱ የሚመስሉ ልጅ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ጣቴን አመመኝ ብላ ቀረች። ቢጠብቃት አልተመለሰችም። «ምን አድርጌ አስቀየምኳት?» እያለ ይጠይቃል። ውሃ ልክ ልጅ መቼ በአንድ ነገር ይጸናል ብሎ ያጽናናዋል።

እንዲህ ሲኖሩ ነው አዲሷ አስተባባሪ የመጣችው። ወጣት ናት፤ ፈጣን እርምጃ፣ ዝግ ያለ ንግግር። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ደንብ አወጣች። ከእንግዲህ ማንም ትልቅ ሰው ከውጭ በማይታይ ክፍል ውስጥ ከልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥም። ልጆች የሚገቡበት ክፍል በር ሁሉ መስታወት ይገባለታል፤ መስታወት ያልገባለት ክፍል ለልጆች ዝግ ነው። አንዱ መምህር ተነስቶ እዚህ ግቢ ምን ክፉ ነገር ደርሶ ነው ብሎ ጠየቀ። እሷም እስኪደርስ መጠበቅ እንደሌለባቸው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ቢጮህ ለልጁ እንደማይጠቅመው፣ ደንቡ ልጁን ከክፉ ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ ደጉንም አስተማሪ ከክፉ ወሬ እንደሚጠብቅ አስረዳች። ውሃ ልክ ከኋላ ተቀምጦ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን እንዲሰማ አድርጎ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን በሮች ቆርጦ መስታወት አስገባባቸው። ውሃ ልኩ የመሰከረላቸው፣ ቅንጣት ያላዘነበሉ መስኮቶች ነበሩ። አስተባባሪዋ ልታይ መጣች። አንዱ ክፍል ውስጥ አስገብታ የልጅ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። በሩን ዘግታ ወጣችና ከውጭ አየች። ከዚያ ከፍታ ምን ይታይዎታል አለችው። አምፖል ነው የሚታየኝ አለ። እኔም ከውጭ ያየሁት ግድግዳውን ነው አለችው።

መስኮቱን ሁሉ በራሱ ዓይን ቁመት ነበር የሠራው። ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ የኖረ ሰው፣ በሩን የሚፈልገው ልጅ መሆኑን ረስቶ ራሱን ለክቶ ኖሯል። ከት ብሎ መሳቅ ይችል ነበር፤ እሱ ግን አኮረፈ። አኩርፎም ቢሆን ከጉልበት በላይ ጀምሮ እስከ ትልቅ ሰው ፊት የሚደርስ ጠባብ ረጅም መስኮት አድርጎ እንደገና ቆረጣቸው። በሥራው አይቀልድም።

የቀረው አንድ በር ነበር።

መጀመሪያ መጋዙ ዶልዱሟል አለ። መጋዙ ሲሳል መስታወቱ አልመጣም አለ። መስታወቱ ሲመጣ ወገቡን አመመው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ወገቡን ያመመው ሰው ያን ሰሞን አንድ ሙሉ ቁምሳጥን ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ወጥቷል። ባለቤቱ ማታ ማታ ሲነጫነጭ ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ከምታገባ በሩን አግብተህ ቢሆን እኔም አርፍ ነበር» አለችው። አልሳቀም። ጋሽዬ ከሞቱ ወዲህ ከሳቸው እጅ የቀረለት ያ በር ብቻ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ይተኛበት የነበረው ብርድ ልብስ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። በመጋዝ ግባበት ሲባል ሰውነቱ እምቢ አለው።

የሙዚቃ አስተማሪውም አልረዳውም። እሱም በበኩሉ ቆሽቱ አሯል። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄ ኖሬ፣ ዛሬ እንደ ሌባ በመስታወት ልጠበቅ ነው ወይ ይላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አብረው ያኮርፋሉ። ሻይ ሳይቀር ሲጠጡ ያኮርፉ ነበር። ልጆቹ የሚመጡበት ቀን ግን አኩራፊ አይጠብቅም። በሩ ካልተቆረጠ ሙዚቃ ክፍሉ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ፒያኖው ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ የዘንድሮዎቹ ልጆችም ፒያኖ ሳይነኩ ይመለሳሉ። አስተማሪውም፣ ልጆቹ እንዲያ ከሄዱ ወዲያ እኔም ጡረታዬን እጠይቃለሁ ብሏል። ውሃ ልክ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አውቆም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ልጆቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀር አስተባባሪዋ እንጨት ክፍሉ ድረስ መጣች። ሰበብ ሲደረድርላት እየሰማች ቆየች። ሲጨርስ አልተቆጣችም፤ ለአፍታ አብሯት ወደ ሙዚቃ ክፍሉ እንዲሄድ ብቻ ጠየቀችው። ተከተላት። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። በሩ አጠገብ ስትደርስ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ድሮ እዚህ በር ሥር ጫማ የምታደርግ ልጅ ነበረች። ያስታውሷታል?»

ማስታወስ ብቻ! ያን ሰሞን ባለፈ ባገደመ ቁጥር እሱና ጋሽዬ የሠሩት በር ገርበብ ብሎ፣ በበሩና በመቃኑ መሃል አንዲት ትንሽ ቡናማ ጫማ ተቀርቅራ ያያል። የፒያኖው ድምፅ ኮሪደሩን ይሞላዋል፤ የሒሳብ መምህራኑ በጋሽዬ በር ይሳለቃሉ። የጫማዋ ዘለበት የበሩን ጠርዝ ፍቆ አቆሰለው። ውሃ ልክ ደሙ ፈልቶ ልጆቹን ለሚጠብቁት ሴትዮ ከሰሰ። ሴትዮዋም ልጅቷን በሰው ፊት ተቆጧት። እሱም የተፋቀውን ሙጫና ሰጋቱራ ለውሶ ሞላው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ቫርኒሽ ቀባው። ከዚያ ወዲያ በሩ ድርግም ብሎ ይዘጋ ጀመር፤ እሱም ደስ አለው።

«ያቺ ባለጌ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ግን እጇን አየ። ጣቷ ከጠርዙ ግርጌ፣ እሱ የደፈነው ቦታ ላይ አርፏል። ያን ቦታ ከራሱ በቀር ማንም ሊያገኘው አይችልም፤ አሳምሮ ነው የደፈነው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ውሃ ልክ መቃኑን ያዘ። ወዳጁ አስተማሪው ፊቱ ላይ ድቅን አለበት፤ ሁለቱ የተቀመጡባቸው ምሳ ሰዓቶች ሁሉ መጡበት። መጠየቁን ፈራ፤ አለመጠየቁን ደግሞ የባሰ ፈራ።

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም» አለች ቶሎ ብላ። «ምንም አላደረጉኝም፤ እንደሳቸው ያለ ደግ ሰው አላጋጠመኝም። ግን ጋሼ፣ እኔ ያኔ ደግ መሆናቸውን በምን ልወቀው? ከቤቴ ርቄ አድሬ አላውቅም፤ እሳቸውን ያየኋቸው ገና ያን ሳምንት ነው። በሩ ሲዘጋ የውጭው ድምፅ ሁሉ ጥፍት ይላል። ብጮህ ማን ይሰማኛል እያልኩ ጣቶቼ ይተሳሰሩብኛል። ጫማዬ እዚህ ካለች ግን እጫወት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጫማው ተከለከለ። እኔም ጣቴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ።»

ሰው ሁሉ ዝም ይላል ብሎ ያደነቀለት በር፣ ለአንዲት ልጅ ምን እንደነበር በዚያች ሰዓት ገባው። ጫማዋን ባለጌነት ነው ብሎ ነበር። ልጅቷ ግን ያላትን ብቸኛ መስኮት ነበር ከእግሯ አውልቃ ያስቀመጠችው፤ እሱም መጥቶ በገዛ እጁ ደፈነባት። ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም አላት። አስተማሪው ቢሰሙ ይሰበራሉ ብዬ ነው አለችው።

ከሷ ተለይቶ በቀጥታ ወዳጁ ዘንድ ሄደ። አስተማሪው ደጃፉ ላይ ብቻውን ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ውሃ ልክ ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገረው፤ ጫማውን፣ ክሱን፣ ድፍኑን፣ ልጅቷ ዛሬ ማን እንደሆነች፣ አንዱንም ሳያስቀር። አስተማሪው መሬት መሬት እያየ ሰማው። ውሃ ልክ አሁን ይቆጣኛል ወይም ተነስቶ ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ፣

«እንግዲያ ጣቷን አላመማትም ማለት ነው?» አለው።

«አላመማትም።»

አስተማሪው መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ ተነሳና ኮቱን አወለቀ።

«በሩን የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል» አለ።

ከማጠፊያው ነቅለው የአናጺ ፈረስ በሚባሉት ሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ላይ አጋደሙት። ውሃ ልክ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ይህን ጊዜ የልጅ ወንበር አምጥቶ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተቀምጦበት ለካ። አስተማሪው ጫፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። መጋዙ ሲገባ ከውስጥ የጥዱ ሽታ ወጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት ታፍኖ የኖረ፣ ልክ እንደተሰነጠቀ ቀን ያለ ሽታ። ጋሽዬ ከነመነጽራቸው፣ ከነሳላቸው፣ ሻይ ሲጠጡ ከነሚያሰሙት ፉት ፉት መጡበት። ትንሽ ወረድ ሲል ደግሞ ከሳንቃዎቹ መሃል ቀዩ መስመር ብቅ አለ። ቀለሙ አልለቀቀም። ውሃ ልክ መጋዙን አስቀምጦ አለቀሰ፤ አስተማሪው አለ ብሎም አላፈረም። ናፍቆት ነበር፤ ጋሽዬ በሞቱበት ዓመት እንኳ እንደዚያ አልናፈቁትም። አስተማሪውም የማያይ መስሎ ጣሪያውን ሲመረምር ቆየ። ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ።

መስታወቱን ደርቦ አስገባው፤ የሒሳብ መምህራኑ እንዳይረበሹ። ተቆርጦ የወጣውን እንጨት ግን አልጣለውም፤ ወደ እንጨት ክፍሉ ወስዶ አንድ ሁለት ቀን ሲያገላብጠው ሰነበተ። ባለቤቱ እንደ ቅርስ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው ብላ ተዘጋጅታ ነበር።

ልጆቹ መጡ። አሁን በጭነት መኪና አይመጡም፤ እየዘፈኑ ግን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደሚወስደው ይታወቃል፤ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው የሚሄዱት፤ ከፊትም ከኋላም ሰው አላቸው። ውሃ ልክ ይህን ሲያይ ደጉን ዘመን መናፈቁን አልተወም። ከአንጀቱ ይናፍቀዋል። ብቻ አሁን ሲናፍቀው ያቺ ቡናማ ጫማም አብራ ትመጣበታለች፤ ስለዚህ እንደ ድሮው አፉን ሞልቶ አይናገርም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኮሪደሩን ሲያልፍ ቆም አለ። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ በር ፊት ተመላልሷል፤ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። አንድ ትንሽ ልጅ ፒያኖው ላይ ተቀምጧል። እግሩ መሬት ስለማይደርስ ከሥሩ ዝቅ ያለች የጥድ መርገጫ አለች፤ ጠርዟ ላይ ቀይ መስመር ይታያል። ውሃ ልክ ራሱ ነው የሠራት፤ ልጆች ሲቀመጡ እግራቸው እንዳይንጠለጠል ብሎ። ልጁ በመሃል ቀና ብሎ ወደ መስታወቱ ተመለከተ። ሰው መኖሩን አየና ወደ ቁልፎቹ ተመለሰ። አስተማሪው ይስቅ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ ቢጠብቅ ወዳጁ ቀረበት። ደህና አይደለም ይሆን ብሎ ሊፈልገው ወደ ሙዚቃ ክፍሉ ሄደ። ከበሩ ምንም ድምፅ አይወጣም፤ በሩ እንደሆነ ዛሬም ዝምተኛ ነው። ውሃ ልክ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አየ። አስተማሪው ቆሞ በእጁ ምት ይመታል። ፒያኖው ላይ የተቀመጠችው አስተባባሪዋ ነበረች፤ ጣቶቿ እየተደናቀፉ ይሄዳሉ። ወደ በሩ አላየችም። በሩ ዝግ ነበር፤ ሁለቱም ጫማዎቿ እግሯ ላይ ነበሩ።